የሠልጣኝ ሐኪም ደረሰኝና የእንግሊዝ አገር የገቢ ግብር

ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት ስሠራ በእጄ ያላለፈ የደረሰኝ ዓይነት ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር። የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ የመድን ውል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የባንክ ማስታወቂያ፣ ሁሉም በየፋይሉ ተሰድሮ የተቀመጠ ነው። በቅርቡ ግን አሠሪዬ ወደ ክፍሌ ገቡና አንድ ወፍራም ፖስታ ከጠረጴዛዬ ላይ አኑረው «ይህን አንተ ታውቅበታለህ፤ የልጄ ገንዘብ ነው» አሉኝ።

ልጃቸው በአዲስ አበባ የሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ ወደ እንግሊዝ አገር የሄደች ሐኪም ናት። ፖስታውን ይዞ የመጣው በለንደን የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ሲሆን፣ በውስጡ አሥራ አንድ ደረሰኝና አንድ አጭር ደብዳቤ ነበረበት። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ «ጋሼ፣ ለፈተናና ለሥልጠና ከከፈልኩት ላይ ግብር ሰብሳቢው የሚመልሰው ገንዘብ አለ ብለው ጓደኞቼ ነግረውኛል። እኔ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ወረቀቱን የማይበት ጊዜ አጣሁ። አባዬ ከርስዎ በቀር ደረሰኝ ማንበብ የሚችል ሰው የለም ይላል።»

ጉዳዩን በዚህ ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የተነሣሁበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከምክር ቤቱ አባሎች ብዙዎቹ በባሕር ማዶ የሚሠሩ ልጆች አሏቸው፤ ከነዚህም መካከል ሐኪሞች አይጠፉም። አባት የፈተናውን ገንዘብ ለመርዳት ይፈጥናል፤ ከዚያ ገንዘብ ላይ በሕግ ሊመለስ የሚገባ ድርሻ እንዳለ፣ የሚመለስበትም ቀን እንደሚያልፍ ግን የሚያስታውሰው የለም። ከዚህ በታች የእንግሊዝን አገር ጉዳይ ሳነሣ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በእንግሊዝ አገር አንድ ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላ በስፔሻሊስትነት ራሱን ችሎ እስኪሠራ ድረስ ለብዙ ዓመታት በበላይ ሐኪም እየተጠበቀ በሆስፒታል ያገለግላል። እንዲህ ያለው ሐኪም እስከ 2024 ድረስ «ጁኒየር ዶክተር» ይባል ነበር። ስሙ አሥር ዓመት ያገለገለውን ሰው ገና ጀማሪ ያስመስለዋል ተብሎ ቅሬታ ስለ ቀረበ ከመስከረም 2024 ጀምሮ «ሬዚደንት ዶክተር» ተባለ። በኛም ሆስፒታሎች ይኸው ስም ለስፔሻሊቲ ሠልጣኞች የሚሰጥ ስለሆነ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ሠልጣኙ ደመወዝ ቢከፈለውም ከደመወዙ የሚያወጣው ብዙ ነው። ለአገሪቱ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በየዓመቱ የምዝገባ ክፍያ ይከፍላል፤ ለጥፋት ክስ መከላከያ ለሐኪሞች መድን ማኅበር ያዋጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የንጉሣውያን ኮሌጆች የሚሰጡትን ፈተና በየደረጃው ከኪሱ ከፍሎ ይቀመጣል። የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ፈተና ብቻ እንኳ በሦስት ክፍል የሚወሰድ ሲሆን፣ ለያንዳንዱ ክፍል የሚጠየቀው ብር ለጀማሪ ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የእንግሊዝ የግብር ሕግ ነጋዴንና ተቀጣሪን በአንድ ዓይን አያይም። ነጋዴው ያወጣው ወጪ ሙሉ በሙሉና ለንግዱ ብቻ የዋለ መሆኑን ካስረዳ ከትርፉ ላይ ይቀነስለታል። ተቀጣሪው ግን ከዚህ ሌላ ሁለት አጥር ይጠብቀዋል። አንደኛ፣ ወጪው ሥራው ራሱ የግድ የሚጠይቀው መሆን አለበት፤ ሁለተኛ፣ ወጪው የሥራውን ተግባር በመፈጸም ላይ ሳለ የወጣ መሆን አለበት። ቃሉ ከ1853 ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ዛሬም በ2003 በወጣው የደመወዝና የጡረታ ገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 336 ላይ ይገኛል። ያ የጥንቱ ሕግ ለሥራው ፈረስ የሚቀልብ ሹም የፈረሱን ወጪ እንዲቀንስ ይፈቅድለት ነበር፤ ፈረሱም ሳይረሳ እስከ 1988ቱ ሕግ ድረስ በስሙ ይጠራ እንደ ነበር ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ፈረስ የተፈቀደለት ሕግ ለመጽሐፍና ለትምህርት ግን እጁን አይዘረጋም ነበር።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚያ በመጨረሻው አጥር ላይ ነው። በ1945 በአንድ ፋብሪካ የምርምር ክፍል የሚሠራ ወጣት አሠሪው የማታ ትምህርት እንዲከታተል ግዴታ አድርጎበት ሳለ፣ የትምህርቱ ወጪ እንዲቀነስለት ቢጠይቅ ተከለከለ። በ1962 ደግሞ አንድ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የታሪክ ትምህርቱን ለማሻሻል ወደ ኮሌጅ ሄዶ ትምህርታዊ ንግግር ለሰማበት የከፈለው እንዲሁ ሳይቀነስለት ቀረ። የዳኞቹ ሐሳብ በኛ አነጋገር ቢገለጥ ማረሻ መሳል ማረስ አይደለም እንደ ማለት ነው። ሰው ለሥራው ራሱን ቢያዘጋጅ መልካም ነው፤ ዝግጅቱ ግን ሥራው አይደለም ተባለ።

የሐኪሞችም ጉዳይ በዚሁ መንገድ ሄደ። በ2007 በቀዶ ሕክምና የሚሠለጥን አንድ ሐኪም ለኮሌጁ ፈተና ያወጣውን ወጪ ለማስቀነስ ተከራክሮ ነበር። ፈተናውን ማለፍ የሥራ ውሉ ግዴታ ነበር። ሆኖም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለፈተና መቀመጥ በሽተኛን እንደ ማከም የሥራው ተግባር አይደለም በማለት ፈረደበት። ይህ ፍርድ በሠልጣኞች ላይ በሩን የዘጋ መስሎ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በሩ በሌላ በኩል ተከፈተ። አንዲት የቆዳ በሽታ ሠልጣኝ ሐኪም ለኮርሶችና ለሙያ ስብሰባዎች የከፈለችውን ገንዘብ በሚመለከት ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ስትሟገት ቆይታ በ2010 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ረታች። የተረታው መሥሪያ ቤት ያቀረበው ክርክር ሴትዮዋ የተማረችው ነገ ስፔሻሊስት ሆና ለመጠቀም ስለሆነ ወጪው ለሥራው ብቻ የወጣ አይደለም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ውሉን ገልጦ አየ። የተቀጠረችበት ቦታ የሥልጠና ቦታ ነው፤ በኮርሶቹ መገኘት በውሉ የታዘዘ ነው፤ ካልተገኘች የሥልጠና ቦታዋን ታጣለች። እንግዲህ ለእርሷ መሠልጠን ለሥራው መዘጋጀት ሳይሆን የሥራው አንዱ ክፍል ነው። ከዚያ የምታገኘው የግል ጥቅም ሥራው የወለደው እንጂ ዋናው ዓላማ አይደለም ተብሎ ተወሰነ።

ከዚህ ፍርድ የምንረዳው፣ ሚዛኑ የትምህርቱ ጠቃሚነት ሳይሆን የሥራ ውሉ ቃል መሆኑን ነው። ሁለት ሐኪሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ ለአንድ ፈተና እኩል ገንዘብ ከፍለው ቢቀመጡ፣ አንደኛው ይቀነስለት ሁለተኛው ይከለከል ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በውላቸው ወረቀት ላይ ነው። ዛሬ የግብር መሥሪያ ቤቱ በሥልጠና ውል የተቀጠረ ሐኪም ሥልጠናውን ለመፈጸም የግድ የሚወስደውን የኮሌጅ ፈተና ክፍያ ይቀበላል።

ይህን ካጠናሁ በኋላ አሥራ አንዱን ደረሰኝ በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በሦስት ክምር ከፈልኩት። አሠሪዬም ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ይህን የሚያደርጉት ከባድ የጉምሩክ ክርክር ሲገጥመን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ክምር የገቡት አንዳች ክርክር የሌለባቸው ናቸው። ለጠቅላላው የሕክምና ምክር ቤት በየዓመቱ የተከፈለው፣ እንዲሁም መሥሪያ ቤቱ አውቆ በስም ዝርዝሩ ላይ ለመዘገባቸው የሙያ ማኅበራት የተከፈለው መዋጮ ከሥልጠና ውል ጋር ግንኙነት ሳይኖረው በሌላ አንቀጽ ይቀነሳል። በዚሁ ክምር ላይ ከነሐሴ 2022 በኋላ የተከፈሉትን ፈተናዎች ጨመርኩ፤ ልጅቷ በሥልጠና ውል የተቀጠረችው በዚያ ወር ነውና።

ሁለተኛው ክምር ለአባትየው አሳዛኝ ነበር። ከሁሉም የበዛው ገንዘብ በዚያ ውስጥ ተገኘ። በውጭ አገር የተማረ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ለመመዝገብ «ፕላብ» የሚባለውን ባለ ሁለት ክፍል ፈተና ያልፋል፤ ሁለተኛው ክፍል የሚሰጠው በማንቸስተር ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄዱትም ሐኪሞች በዚሁ በር ያልፋሉ። ልጅቷ ይህን ፈተና በ2019 ስትወስድ ገና የማንም ተቀጣሪ አልነበረችም። ሥራ ለማግኘት የወጣ ወጪ ሥራን በመፈጸም ላይ የወጣ ሊባል አይችልምና አይቀነስም። ከዚያም ሥራ ካገኘች በኋላ እስከ 2022 ድረስ የሠራችበት ቦታ በሽተኛ የሚታይበት እንጂ የሥልጠና ቦታ አልነበረም። በ2021 የመጀመሪያውን የኮሌጅ ፈተና በዚያ ሳለች ወሰደች። ውሏ ስለ ሥልጠና አንዲት ቃል አይናገርም። የተማረችው በራሷ ትጋት፣ ከሌሊት ተረኛነት በተረፈ ሰዓት ነው፤ ይህ ትጋቷ ግን በሕጉ ዘንድ እንደ ዲሬክተሩ የታሪክ ትምህርት ይቆጠራል። አሠሪዬ ይህን ስነግራቸው «እንግዲህ የበለጠ የደከመችበትን ነው የከለከሏት» አሉ። እኔም ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ወደ ውጭ የሄዱት የኛ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኙት ሥራ እንዲህ ያለው ስለሆነ ሕጉ በነርሱ ላይ ከሌላው ይልቅ እንደሚከብድ ግን ይሰማኛል።

ሦስተኛው ክምር ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነበር። አንደኛው ደረሰኝ ሆስፒታሉ ከሠራተኞች የትምህርት በጀት ላይ መልሶ የከፈላት ኮርስ ሆኖ ተገኘ፤ አሠሪ የመለሰውን ገንዘብ ከግብር ላይ ደግሞ ማስቀነስ ስለማይቻል አወጣሁት። ሁለተኛው በሌላ አገር ከተደረገ ስብሰባ የመጣ ሲሆን፣ ከስብሰባው በኋላ የተጨመሩ አራት የሽርሽር ቀናት የሆቴል ሒሳብ ነበረበት። «ለሥራው ብቻ» የሚለው ቃል ቀልድ አያውቅምና የሽርሽሩ ሆቴል ከሒሳቡ ተቆርጦ ወጣ።

ሦስተኛው ደረሰኝ ከሁሉ ይበልጥ አሳሰበን። በሥልጠና ዘመኗ የወሰደችው ትልቁ ፈተና ክፍያ ሲሆን፣ የተከፈለው በወንድሟ የባንክ ካርድ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ተቀጣሪው ራሱ ግዴታውን ገብቶ የከፈለውን ነው። አባት ወይም ወንድም በስጦታ የከፈለው የልጅቷ ወጪ አይደለም። አሠሪዬ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ልጃቸውን መርዳት ልጃቸውን መጉዳት ሆኖ ተሰማቸው። ወዲያው ወደ ለንደን ስልክ ተደወለ። ወንድሟም ገንዘቡን ያበደራት እንጂ የሰጣት እንዳልሆነ፣ እርሷም ደመወዝ በተቀበለች በሦስተኛው ቀን ወደ ባንክ ሒሳቡ እንደ መለሰችለት አስረዳ። የባንኩን ዝርዝር ከላከልን በኋላ ደረሰኙን ከነማስረጃው ከመጀመሪያው ክምር ጋር አያያዝነው። ብድሩ በእጅ የተመለሰ ቢሆን ኖሮ በምን እንደምናስረዳው እንጃ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሣ። አሠሪዬ እንኳ በቁጥር የኖሩ ሰው ሆነው ሳለ «አምስት መቶ ፓውንድ ከከፈለች አምስት መቶ ይመለስላታል ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም። የሚቀነሰው ከገቢዋ ላይ ነው፤ የሚመለሰውም በተቀነሰው ገቢ ላይ ተከፍሎ የነበረው ግብር ብቻ ነው። በመቶ 20 በሚከፈልበት ደረጃ ላይ ያለ ሐኪም ከ500 ፓውንድ 100 ፓውንድ ያገኛል፤ ገቢው ከ50,270 ፓውንድ አልፎ በመቶ 40 የሚከፍል ከሆነ ደግሞ 200 ፓውንድ ያገኛል። በስኮትላንድ የሚሠራ ከሆነ የግብሩ መጠን የተለየ ነው። እኛም በንግድ ቤታችን የመጋዘን ኪራይ ስናስመዘግብ መንግሥት ኪራዩን አይከፍልልንም፤ ነገሩ አንድ ነው።

ስለ አቀራረቡም ጥቂት ልበል። ጥያቄው የሚቀርበው «ፒ 87» በሚባለው ቅጽ ነው። የዓመቱ ወጪ ከ2,500 ፓውንድ ከበለጠ ግን ሙሉውን የዓመት የግብር ማስታወቂያ መሙላት ያስፈልጋል። ከጥቅምት 2024 ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የወጪ ጥያቄ ከነማስረጃው እንዲቀርብለት ማዘዝ ጀምሯል። ስለዚህ የደረሰኙ ቅጂ ስምን፣ ቀንን፣ የተከፈለበትን ምክንያትና መጠኑን የሚያሳይ መሆን ይገባዋል፤ እኔ ከዚህ ጋር የሥልጠና ውሏን ገጽ ጭምር አያይዣለሁ።

ወንድሟ ከፖስታው ጋር አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ግብሩን አስመልስላችኋለሁ፤ ድካሙ የኔ፣ ፊርማው የናንተ ይላል። በታችኛው ጠርዝ በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን በማጉያ መነጽር ሳነብ የድርጅቱ ድርሻ ከሚመለሰው ገንዘብ ግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ቀድሞ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የገንዘቡን መብት ወደ ራሳቸው የሚያዛውር ውል ያስፈርሙ ነበር። ከመጋቢት 15 ቀን 2023 ጀምሮ እንዲህ ያለው የማዛወር ውል በሕግ ዋጋ የለውም። ገንዘቡን በወኪልነት ተቀብሎ ድርሻውን የሚቆርጥ ግን አሁንም አለ። ጥያቄውን ለራስ ማቅረብ አንዲት ሳንቲም አያስከፍልምና የማስታወቂያውን ወረቀት ወደ ቅርጫት ጣልነው።

ቀኑን በሚመለከት ሕጉ ጥብቅ ነው። የእንግሊዝ የግብር ዓመት ሚያዝያ 5 ቀን የሚያልቅ ሲሆን፣ ጥያቄው የሚቀርበው ዓመቱ ካለቀ ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 2023 ባለቀው ዓመት የተከፈለ ገንዘብ እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2027 ድረስ ብቻ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ከልጅቷ ደረሰኞች አንዱ፣ ለሕክምና ምክር ቤቱ በ2020 መጨረሻ የከፈለችው፣ ክርክር የሌለበት ሆኖ ሳለ ጊዜው ሚያዝያ 5 ቀን 2025 አልፎበት አገኘነው። በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሞተው።

አሠሪዬ በመጨረሻ በኛ አገር ያለ ሐኪም ይህ መብት አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በ2008 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለነጋዴው ገቢውን ለማግኘት ያወጣውን አስፈላጊ ወጪ ይቀንስለታል። ተቀጣሪው ግን ደመወዙን ለማግኘት ያወጣው ወጪ አይቀነስለትም። ስለሆነም በጥቁር አንበሳ የሚሠለጥን ሐኪም ለመጽሐፍ ያወጣውን ደረሰኝ ቢያከማች ለማስታወሻ ካልሆነ በቀር አይረባውም። አሠሪዬ ዝም ብለው ቆዩና የራሳቸውን ሠራተኞች የማታ ትምህርት ክፍያ ድርጅቱ ራሱ ቢከፍል በወጪ ይያዝ እንደሆነ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ለሒሳብ ሹማችን ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቤ መልሱን በመጠባበቅ ላይ ነኝ።

የልጅቷን ቅጽ ሞልቼ በኢሜይል ላክሁላት፤ ፈርማ በፖስታ አገባችው። ሰባት ደረሰኝ ከማስረጃው ጋር ሄዷል። የቀሩትን አራቱን አሠሪዬ አልጣልኩም ብለው ከዲፕሎማዋ ቅጂ ጋር በካዝናቸው ውስጥ አኑረዋቸዋል።